የእመት ትርንጎ ስድስት ቄቦች

ተረት ተረት።

“የላም በረት!”

የለም፣ ዛሬ ላሟን በረቷ ውስጥ ተዉአት። የዛሬው የዶሮ ነው። “የዶሮ ቆጥ!” በሉ።

“የዶሮ ቆጥ!”

እንዲያ ነው። እንግዲህ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙ።

በድሮ ጊዜ፣ ዶሮና ሰው በአንድ ጣራ ሥር በሚያድሩበት ዘመን፣ ከሸንበቆ ወንዝ ዳር አንድ መንደር ነበረ። ያኔ ጫጩት እንደ ዛሬው በካርቶን ተጭኖ፣ ወንዱና ሴቱ ተለይቶ ከከተማ አይመጣም። ዶሮ ትታቀፋለች፣ ትፈለፍላለች፤ ሰው ይጠብቃል። ጫጩቱ ወንድ ይሁን ሴት የሚያውቀው ፈጣሪ ነው፤ ሰው የሚያውቀው በኋላ ነው። ሰዓት የሚሉት ነገርም በመንደሩ አልነበረም። ዶሮ ሲጮህ ይነሳሉ፤ ሲመሽ ይተኛሉ። የሚዘገይ የለም፤ የሚቸኩል የለም። እመት ትርንጎ ብቻ ይቸኩሉ ነበር።

በዚያ መንደር እንጉዳይ የምትባል ሴት ነበረች። ትዳሯ ፈርሶ ወደ ትውልድ ቀዬዋ የተመለሰች ሴት ናት። ከአባቷ የቀረላት አንዲት ጎጆ ነበረች፤ እሷም ጣራዋ ያፈሳል። አንድ ቀን ወንድሟ መጣና ደጃፉ ላይ ቆመ።

“እህቴ፣ ብቻሽን ጎጆ ማቆም አትችይም” አላት። “ሁለት ፋሲካ እታገሥሻለሁ። ራስሽን ከቻልሽ መልካም። ካልቻልሽ ጎጆዋን ለጥጆቼ አደርጋታለሁ፤ አንቺም ከኛ ቤት ገብተሽ ለሚስቴ ትፈጪያለሽ።”

እንጉዳይ የወንድሟን ሚስት ታውቃታለች። የዚያች ሴት ወፍጮ አያርፍም፤ ምላሷም አያርፍም። እዚያ ቤት የገባ ሰው ሳይከስል አይወጣም።

ቁጭ ብላ አሰበች። አንዲት የራሷ ቄብ ብታገኝ ይበቃት ነበር። ቄብ ማለት ገና እንቁላል ያልጣለች ኮረዳ ዶሮ ናት። ቄብ ካደገች ትጥላለች። እንቁላሉ በጨው ይለወጣል። ከጨው የተረፈውን ትታቀፈዋለች። ጫጩቱ ዶሮ ይሆናል፤ ዶሮዎቹ በፍየል ይለወጣሉ። አውራ ዶሮ ግን የአንድ ቀን ነው። ለበዓል ይሸጣል፣ ይታረዳል፣ አለቀ።

ዶሮ የሌለው ሰው ያኔ ካለው ሰው የርቢ ይወስድ ነበር። የርቢ እንዲህ ነው፦ ዶሮዋ የባለቤቷ ናት። የሚያበላት፣ የሚያስታቅፋት፣ ከጭልፊትና ከሸለምጥማጥ የሚጠብቃት ተቀባዩ ነው። ጫጩቱ እኩል በእኩል ይካፈሉታል፤ ድርሻው የሚለየውም በዕጣ ነው። ደግ ልማድ ነበር። ብዙ ድሃ በዚያ ልማድ ቆሟል።

እንጉዳይ ወደ እመት ትርንጎ ሄደች። እመት ትርንጎ የመንደሩ ባለጸጋ ናቸው። በረታቸው ከብት፣ ጎታቸው እህል፣ አፋቸው ነገር አያጣም።

“እሜቴ፣ አንዲት ዶሮ የርቢ ይስጡኝ” አለቻቸው።

“ለምን አልሰጥሽም! ያቺን ጉትያዋን ውሰጃት። ግን ልብ በይ፤ ስንካፈል የምመርጠው እኔ ነኝ።”

“ልማዱ በዕጣ ነው፣ እሜቴ።”

“ልማዱ ዶሮ ላለው ሰው ነው።”

እንጉዳይ ምን ታድርግ? ዶሮ የላትም። ራሷ ላይ የላባ ጉትያ የደፋችውን ገብስማ ዶሮ ተቀብላ ወጣች።

ጉትያዋ መልካም ዶሮ ነበረች። ጥላ ጥላ፣ መታቀፍ አማራት። ወሬው እመት ትርንጎ ዘንድ ደረሰ። ወዲያው እየተጣደፉ መጡ። እንቁላሎቹን አንድ በአንድ እያነሱ ወደ ብርሃን ያዩ ጀመር።

“ይሄ ሹል ነው። ወንድ ነው፤ ወዲያ። ይሄ ድቡልቡል ነው። ሴት ነው፤ ወዲህ።”

“ይሄስ፣ እሜቴ? ሹልም አይደል፤ ድቡልቡልም አይደል።”

እመት ትርንጎ እንቁላሉን አገላብጠው አዩት። “እሱ ገና አልቆረጠም” አሉ። “ወዲያ።”

ሹል ሹሉን በነጠላቸው ቋጥረው ወሰዱና ጠብሰው በሉት። ድቡልቡል ድቡልቡሉን ጉትያዋ ታቀፈችው። “ከዚህ የሚወጣው ሁሉ ቄብ ነው” ብለው ለጎረቤት አወሩ።

ጫጩቶቹ ተፈለፈሉ። እንጉዳይ ጥሬ ለቀመችላቸው፣ ውሃ አቀረበችላቸው፣ ጭልፊት ሲያንዣብብ እየጮኸች አባረረችላቸው። አደጉ። ካደጉ በኋላ ቢታዩ እኩሉ ሴት፣ እኩሉ ወንድ ሆነ። እመት ትርንጎ ዓይናቸውን ጨፍነው እንቁላል ቢያነሱም የሚያገኙት ያንኑ ነበር።

እሳቸው ግን ተቆጡ። “ሹል ቀላቅለሽበታል!”

“እኔ ያስታቀፍኩት እርስዎ የመረጡትን ነው፣ እሜቴ።”

“እንግዲያው ከድቡልቡሉ የወጣው የኔ ነው። ከሹሉ የወጣው ያንቺ ነው” አሉና ቄቦቹን ሰብስበው ሄዱ።

ለእንጉዳይ አውራዎቹ ቀሩላት። ለፋሲካ ሸጠቻቸው። ጨውና ጥቂት ጥሬ ገዛችበት፤ ለጣራዋ የሚሆን ሣር እንኳ አልተረፋትም። እንዲህ ሆኖ አንድ ፋሲካ አለፈ።

ጉትያዋ ዳግመኛ ታቀፈች። ጫጩቶቹ ከቅርፊታቸው ወጥተው ላባቸው ሳይደርቅ እመት ትርንጎ እየተጣደፉ መጡ።

“ዘንድሮ በእንቁላል አልሞኝም” አሉ። “የሚያውቅ ሰው ነግሮኛል። ጫጩት በእግሩ ሲንጠለጠል ወንዱ ይፍጨረጨራል። ሴቷ ጭምት ናት፤ ዝም ትላለች።”

“እሜቴ፣ እነዚህ እኮ ዛሬ የወጡ ናቸው። ጥቂት ብንቆይ ራሳቸው ይነግሩን ነበር።”

“ቄብ የሆነች ዛሬም ቄብ ናት። ምን ያስጠብቀኛል?”

ጫጩቶቹን በየተራ ዘቅዝቀው አንጠለጠሉ። ዝም ባለው ሁሉ እግር ላይ ቀይ ክር አሰሩ። ዝም ካሉት አንዳንዱ ጭምት ሆኖ ሳይሆን ብርድ ይዞት ነበር። ጉትያዋም ላባዋን ነፍታ የእመት ትርንጎን እግር ስትጠቀጥቅ ቆየች።

“ቀይ ክር ያለው የኔ፤ ባዶ እግሩ ያንቺ። አሳድጊልኝና እወስዳለሁ” ብለው ሄዱ።

ጫጩት ሲያድግ እግሩ ይወፍራል። ክር ግን አብሮ አያድግም፤ ሥጋ ውስጥ ይሰምጣል። እንጉዳይ ጫጩቶቹ እንዳያነክሱ በየጊዜው ክሩን እየፈታች፣ እያላላች መልሳ ታስር ነበር። የማንም ይሁን፣ የሚያነክስ ጫጩት ማየት አትወድም።

ጊዜው ሲደርስ እመት ትርንጎ መጡ። ከቀይ ክሮቹ መሃል አንዱ ክንፉን አራግፎ “ኩኩሉ!” አለ። ሌላውም ተከተለው።

“ክሩን ነክተሽዋል?” አሉ እመት ትርንጎ።

“እግራቸውን እንዳይቆርጥ አላላሁት እንጂ አልለወጥኩም።”

“ነክተሻል! እመኚ፣ ነክተሻል! ሌባ!”

ድምፃቸው ከወንዙ ማዶ ተሰማ። ቀይ ክር ያለውንም የሌለውንም ቄብ ሰብስበው ወሰዱ። ለእንጉዳይ አውራዎቹ ቀሩላት።

የዚያን ዕለት እንጉዳይን ያመማት የቄቦቹ መሄድ ብቻ አልነበረም። በትንሽ መንደር ሌባ የተባለ ሰው ውሃ ሊቀዳ ሲወርድ እንኳ እንስራው ይፈተሻል። ደግሞም ጊዜው እያለቀ ነው። የቀረው አንድ ርቢ ነው፤ የቀረው አንድ ፋሲካ ነው። ወንድሟ ከሩቅ ሲያያት ጎጆዋን በዓይኑ ለጥጆቹ ይለካት ጀመር።

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ ጉትያዋ ለሦስተኛ ጊዜ ፈለፈለች። ዘንድሮ እንጉዳይ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ፣ ጥጧን እየፈተለች፣ ጫጩቶቹን ታያቸው ነበር። ጠዋት ታያለች፤ ማታ ታያለች። ጊዜው እየገፋ ሲሄድ ልዩነቱ ይወጣ ጀመር። አንዳንዶቹ ቶሎ ላባ ለበሱ፣ ጅራት አበቀሉ። አንዳንዶቹ ግን ጀርባቸው ራቁቱን ከረመ፤ እግራቸው ወፈር፣ አቋማቸው ቀጥ አለ። ካለፉት ሁለት ርቢዎች እንዳስታወሰችው፣ ፈጥነው የለበሱት ቄቦቹ ናቸው፤ የዘገዩት አውራዎቹ ናቸው። በሌላ ዶሮ ቢሆን የወንዱ ራስ ላይ ያለው ሥጋ ቀድሞ ስለሚቀላ ማንም ይለየዋል። የጉትያዋ ልጆች ግን ራሳቸው በላባ የተሸፈነ ነው። እነሱን ለመለየት ጎንበስ ብሎ ጀርባቸውን ማየት ያስፈልጋል። ጥበብ አይደለም፤ ያየ ሁሉ ያየዋል። እመት ትርንጎ ግን ማጎንበስ አይወዱም ነበር።

አንድ ቀን ጭልፊት መጣ። ጥላው መሬት ላይ ሲያልፍ ጫጩቶቹ ሁሉ መሬት ተለጠፉ። ወንዱም ተለጠፈ፤ ሴቷም ተለጠፈች። ቆማ የተፋለመች አንዲት ብቻ ነበረች፤ እሷም እናታቸው ጉትያዋ ናት። ጭልፊቱ አንዱን ነጥቆ ሄደ። አሥራ አንድ ቀሩ፤ አምስት ቄብ፣ ስድስት አውራ።

በማግስቱ እመት ትርንጎ በደጅ ሲያልፉ ቆም አሉ።

“ደርሰዋል?”

“ገና ናቸው፣ እሜቴ። ዘንድሮስ በምን ሊለዩዋቸው ነው?”

“በነጠላ!” አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። “ገበያ ላይ የሰማሁት ነው። ጭልፊት የመጣ አስመስለሽ ነጠላ ወደ ላይ ታነሻለሽ። ወንድ ደፋር ነው፤ ወደ ነጠላው ይመጣል። ሴት ፈሪ ናት፤ መሬት ትለጠፋለች።”

እንጉዳይ የትናንቱን ጭልፊት አሰበች። ቆማ የተፋለመችውን ጉትያዋንም አሰበች።

“እንዲያ ነው እንዴ?” አለች።

“እንዲያ ነው እንጂ! አንቺ ምን ታውቂያለሽ።”

“እውነትዎን ነው፣ እሜቴ” አለች እንጉዳይ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማለዳው ስድስቱን አውራዎች እንቅብ ትደፋባቸዋለች። አምስቱን ቄቦች ወደ ግቢ ታወጣቸዋለች። ነጠላዋን ወደ ላይ ታነሳና ከሥሩ ጥሬ ትበትናለች። በመጀመሪያው ቀን ቄቦቹ ፈርተው ተለጠፉ። በሁለተኛው ቀን አንገታቸውን አስግገው አዩ። በሦስተኛው ቀን አንዷ ጥሬውን ለቀመች፤ ሌሎቹ ተከተሏት። ከዚያ ወዲያ ነጠላ ከፍ ሲል ካዩ እየተሻሙ ይሮጡ ጀመር። አውራዎቹ እንቅብ ሥር ሆነው ይህን ሁሉ አያውቁም። ነጠላ ለእነሱ ያው ጭልፊት ነው።

ሳምንቱ ሲሞላ እንጉዳይ ወደ መንደሩ ጭቃ ሹም ወደ አያ ቢሻው ሄደች። አያ ቢሻው መሬት የሚለኩ፣ ጠብ የሚያበርዱ፣ ሲፈርዱም ዓይናቸውን ከደን የሚያደርጉ ሽማግሌ ናቸው።

“አያ ቢሻው፣ ከእመት ትርንጎ ጋር ጫጩት ልንካፈል ነው። ይቁሙልኝ።”

“ለጫጩት? እኔ ጭቃ ሹሙ ለጫጩት ልቁም?”

“ለስሜ ይቁሙልኝ። ባለፈው ሌባ ተብያለሁ።”

አያ ቢሻው ዓይናቸውን ገለጡ። “እሱስ ያስቆማል” አሉ።

በቀጠሮው ቀን እመት ትርንጎ አዲስ ነጠላ ለብሰው መጡ። አያ ቢሻውን ሲያዩ ደስ አላቸው፤ ሲያሸንፉ የሚያይላቸው ሰው ይወዳሉ።

“እሜቴ” አለች እንጉዳይ፣ “ገና ልጆች ናቸው። እስከ ኅዳር ብንቆይስ?”

“አልቆይም።”

“አያ ቢሻው ባሉበት ልማዱን ይዘን በዕጣ ብንካፈልስ?”

“ዕጣ የማያውቅ ሰው ነገር ነው። እኔ አውቃለሁ።”

“ቢሳሳቱስ፣ እሜቴ?”

ያኔ ሙግት ያለ ውርርድ አያምርም ነበር። አንዱ “ማር እሰጥ” ይላል፤ ሌላው “ፍየል እሰጥ” ይላል፤ የተረታ ይከፍላል። እመት ትርንጎ ተሳስተዋል መባልን እንደ እሳት ይፈሩታል። ደማቸው ፈላ።

“ከመረጥኳቸው መሃል አንድ፣ አንድ እንኳ ወንድ ቢገኝ፣ እናቲቱን ዶሮ እሰጥ!” አሉ።

አያ ቢሻው ወደ እንጉዳይ ዞሩ። “አንቺስ?”

“እሳቸው ከረቱ የኔን ድርሻ ሁሉ ይውሰዱ። እኔም ጎጆዬን ዘግቼ የወንድሜን ሚስት ወፍጮ እይዛለሁ።”

“ሰምቻለሁ” አሉ አያ ቢሻው። “የተመረጠ አይለወጥም። እሜቴ ምርጫቸውን ዛሬውኑ ይዘው ይሄዳሉ፤ ክር የለ፣ ጠብ የለ። አሥራ አንድ ስለሆኑ ትራፊዋ የባለ ዶሮዋ ናት፤ እሜቴ ስድስት ይወስዳሉ። ይምረጡ።”

እንጉዳይ እንቅቡን አነሳች። አሥራ አንዱም በግቢው ተበተኑ። እመት ትርንጎ አዲሱን ነጠላቸውን ገፈፉና በሁለት እጃቸው ወደ ላይ አነሱት።

አምስቱ እየተሻሙ ወደ ነጠላው ሮጡ። ስድስቱ መሬት ተለጠፉ። ጉትያዋ ደግሞ ላባዋን ነፍታ መጣችና የእመት ትርንጎን ቁርጭምጭሚት ጠቀጠቀች።

“ዋይ! ያዙልኝ ይህችን ዶሮ!” እያሉ እመት ትርንጎ ዘለሉ። “አያችሁ? አያችሁ? ደፋሮቹ ወንዶች ናቸው። ፈሪዎቹ የኔ ናቸው!”

አያ ቢሻው አምስቱን አዩ፤ ስድስቱን አዩ፤ እንጉዳይን አዩ። “የምትይው አለሽ?” አሏት።

“የመረጡት እሳቸው ናቸው። እኔ የቀረውን እወስዳለሁ።”

“ተፈጸመ” አሉ አያ ቢሻው።

እመት ትርንጎ ስድስቱን በቅርጫት ይዘው ሄዱ። በየደረሱበት “ስድስት ቄብ! ስድስት ቄብ!” ይሉ ነበር። ቤታቸው ገብተው ለስድስቱም ጭድ እየጎዘጎዙ የእንቁላል መጣያ አዘጋጁላቸው።

ገና ደረሰ። ጎረቤት መጣና፣ “እሜቴ፣ የቄቦችዎ ጅራት ረዘመሳ!” አላቸው።

“ዘራቸው ነው” አሉት።

ጥምቀት ደረሰ። ሌላ ጎረቤት መጣና፣ “እሜቴ፣ የቄቦችዎ ተረከዝ ላይ ጉብ ያለ ነገር አየሁ” አላቸው።

“ጭቃ ነው” አሉት።

ቅበላ ደረሰ። ሦስተኛው መጣና፣ “እሜቴ፣ ለቅበላ የማርደው አውራ አጣሁ፤ ከነዚያ ከስድስቱ አንዱን በእህል ይለውጡልኝ” አላቸው።

“እኔ ቄብ አልለውጥም! ውጣ ከቤቴ!” አሉት።

እስካሁን ከስድስቱ አንዱም አልጮኸም ነበር። ምክንያት አለው። በእመት ትርንጎ ግቢ ሁሉን የሚገዛ አንድ ሽማግሌ አውራ ዶሮ ነበር። ወጣቶቹ አንገታቸውን ቀና ሲያደርጉ ይወጋቸው ስለነበር አፋቸውን ዘግተው ኖሩ። እመት ትርንጎ ያንን ሽማግሌ አውራ ለቅበላ አረዱት። ጎረቤት ጠርተው በሉ፤ ጠጡ። “የቄቦቼን እንቁላል ደግሞ ለፋሲካ” አሉ።

በማግስቱ ሁዳዴ ገባ። ጎሕ ሲቀድ ከቆጡ ላይ “ኩኩሉ!” ተባለ። ሁለተኛው “ኩኩሉ!” አለ። ሦስተኛው ተከተለ። ስድስቱም ተቀባበሉት።

እመት ትርንጎ ከመኝታቸው ተነሥተው ተቀመጡ። ጨነቃቸው። በዚያ አገር ሴት ዶሮ ከጮኸች የቤቱ ገድ ተሰበረ ይባላል። ሴት ናቸው ካሉ ቤታቸው ገደ ቢስ ሊሆን ነው። ወንድ ናቸው ካሉ ውርርዱን ሊከፍሉ ነው። ዝም እንዳይሉ ዶሮዎቹ ዝም አላሉም።

ጾም ነው። ዶሮ የሚበላ የለም፤ ዶሮ የሚገዛ የለም። ስድስት አውራ በአንድ ግቢ ሲፋለም፣ ሲጮህ፣ እህል ሲጨርስ ሰነበተ። ሴቶቹን ዶሮዎች ከጥዋት እስከ ማታ ያሯሩጧቸዋል። ሴቶቹም ተማረው አጥር ሥር ገቡ። አንዲት እንኳ ለመታቀፍ እሺ አላለችም።

አያ ቢሻው ከዘራቸውን ይዘው መጡ። “ቄቦችዎ ደህና አነጉኝ፣ እሜቴ” አሉ። “ምነው ስድስቱም ለቅዳሴ ቀሰቀሱኝ!”

እመት ትርንጎ እንጉዳይን አስጠሩ። “ምን አድርገሽባቸው ነው?” አሏት።

“ለአምስቱ ነጠላ ሳነሳ ጥሬ በተንኩላቸው፤ ሌላ ያደረግሁት የለም። ቆዩ ብዬ ነበር፤ አልቆዩም። በዕጣ ብዬ ነበር፤ አልወደዱም። የመረጡት እርስዎ ነዎት።”

አያ ቢሻው ከዘራቸውን ተደግፈው እስኪያስላቸው ሳቁ። ከሳቁ በኋላ ዓይናቸውን ከደን አድርገው ፈረዱ። “አፍ ያመጣውን እጅ ይክፈለው። ጉትያዋ ከዛሬ ጀምሮ የእንጉዳይ ናት። ሌባ የተባለውም ቃል ከተሰማበት ቦታ ሁሉ ይመለስ።”

እመት ትርንጎ ውሃ መቅጃው ላይ፣ ሴቶቹ እንስራቸውን ተሸክመው ቆመው እየሰሙ፣ “እንጉዳይ ክሩን አልለወጠችም፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ” አሉ። ያንን ቃል ከአፋቸው ማውጣት ከስድስቱ አውራ የበለጠ ከበዳቸው።

ፋሲካ ደረሰ። ወንድሟ ጥጆቹን እየነዳ መጣ። ወደ ጎጆዋ ገብቶ ቀና አለ። ቆጡ ላይ አምስት ዶሮና ጉትያዋ ተሰልፈዋል። ከታች በጭድ በተጎዘጎዘ ድስት ውስጥ እንቁላል አለ። ብዙ ቆሞ አየ። ከዚያ ወጥቶ ጥጆቹን ወደ ቤቱ መለሰ። ሲመለስ ሸክም ሣር ይዞ መጣና የእህቱን ጣራ ይከድን ጀመር።

በጥቂት ቀን ውስጥ ደግሞ እመት ትርንጎ መጡ። እንደ ወትሮው አልተጣደፉም። ደጃፉ ላይ ቆመው ነጠላቸውን አስተካከሉ።

“ዶሮዎቼ ሁሉ መታቀፍ እምቢ አሉኝ” አሉ። “ያቺን ጉትያዋን... ለአንድ ጊዜ... የርቢ ብትሰጪኝ።”

“ለምን አልሰጥዎትም፣ እሜቴ” አለች እንጉዳይ።

“ስንካፈል የምትመርጪው አንቺ እንደሆንሽ አውቃለሁ።”

“የለም፣ እሜቴ። ላባቸው ወጥቶ ወንድና ሴቱ ሲታወቅ፣ ወንዱንም ሴቱንም እኩል እንደለድላለን። ከዚያ እንደ ልማዱ ዕጣ እንጥላለን።”

እመት ትርንጎ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጉትያዋን ወሰዱ። በዚያ ዓመት መንደሩ ያላየውን አየ። ሁለቱ ሴቶች በእመት ትርንጎ ደጃፍ ጎን ለጎን ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ፤ ጫጩቶቹ በእግራቸው ሥር ይመላለሳሉ። እመት ትርንጎም በየመሃሉ ጎንበስ ይሉና፣ “ይቺ ጅራት አወጣች፤ ቄብ ትሆን?” ይላሉ። “ይመስላል፣ እሜቴ፤ እንጠብቅ” ትላለች እንጉዳይ። እንዲህ እያሉ ይጠብቃሉ። ጥሩ ዘመን ነበር፤ ሰው ጎን ለጎን ተቀምጦ የሚጠብቀው ነገር ነበረው።

ያ መንደር ዛሬ የለም። ሰዎቹም አልፈዋል፤ የጉትያዋም ዘር ከሌላ ዘር ተደባልቋል። ቃሉ ግን ቀርቷል። ያልደረሰን ነገር ካላወረድኩ ብሎ የያዘውን የሚያጣ ሰው ባዩ ቁጥር፣ አባቶች እንዲህ ይላሉ፦

“የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።”

ተረቴ ይህ ነው። የተራኪን አፍ በዳቦ ማበስ የቀረበት ዘመን ነው፤ እፍኝ ቆሎ ያለው ካለ ግን አልጠላም።